የደረቀ የፍሳሽ ዝቃጭ በጆንያ፦ ለቦርከና ዳር አትክልትና ለዋልካ ማሳ ይሆናል ወይ?

ዩሪያና ኤንፒኤስ ሲወደዱ ወይም ሲዘገዩ ለከተማ ዙሪያ አምራች ከሚቀርቡት አማራጮች አንዱ የደረቀ የፍሳሽ ዝቃጭ ነው። ከመጸዳጃ ጉድጓድና ከሴፕቲክ ታንክ በቦቴ ተመጥጦ፣ መደብ ላይ ተሰጥቶ ደርቆ፣ በጆንያ ወይም በመኪና ጭነት ይሸጣል። ጥቁር ነው፣ ይፈረፈራል፣ ማሳ ላይ ካረፈ ብዙም ሳይቆይ የሰብሉ ቅጠል ይደምቃል። የሚወደደውም በዚሁ ነው። እዚህ የምንመዝነው ግን ያንን ድምቀት ሳይሆን ከዝቃጩ ጋር አብረው የሚገቡትን ከባድ ብረቶች ነው፤ ካድሚየምን፣ እርሳስን፣ ዚንክን፣ መዳብን፣ ኒኬልንና ክሮሚየምን። ከእነርሱም ውስጥ አፈሩ ምን ያህሉን ይዞ እንደሚያስቀር፣ ምን ያህሉን ለሥር እንደሚለቅ።

ፍርዳችንን ከወዲሁ እንናገር። ከመኖሪያ ቤት ብቻ የመጣ፣ ከአገዳ ወይም ከጭድ ጋር በሚገባ የተብላላና የምርመራ ወረቀት ያለው ዝቃጭ ለማሽላ፣ ለበቆሎ፣ ለገብስና ለባሕር ዛፍ ጥሩ ዕቃ ነው። በፀሐይ ብቻ የደረቀው ጥሬ ዝቃጭ በብረት በኩል ከዚህ ባይለይም የወስፋት እንቁላሉ ስላልሞተ ገና ያልተጨረሰ ዕቃ ነው። ከፋብሪካ ወይም ከጋራዥ ፍሳሽ ጋር የተቀላቀለው በነጻ ቢሰጥም አይወሰድ። ሰላጣና ቆስጣ ለሚያለማ ሰው ከሦስቱ አንዱንም አንመክርም።

ዝቃጭ ሲገዛ የመጀመሪያው ጥያቄ ዋጋው ሳይሆን ቦቴው ከየት እንደመጣ ነው። የቤት መጸዳጃ ዝቃጭ ብረት የሚያገኘው ከምግብ፣ ከውኃ ቧንቧና ሰው ጉድጓድ ውስጥ ከሚጥለው ነገር ነው። ከቆርቆሮ ጣሪያ የሚወርድ ዝናብ ወደ ጉድጓዱ ከተለቀቀ ዚንኩ ከፍ ይላል። የተጣለ ባትሪ ድንጋይ ዚንክና ማንጋኒዝ ይጨምራል፤ የመኪና ባትሪ የሚጠገንበት ግቢ ጉድጓድ ደግሞ እርሳስ ይዞ ይመጣል። የቆዳ ፋብሪካ ፍሳሽ ምልክቱ ክሮሚየም ነው፣ ቆዳ የሚለፋው በክሮሚየም ጨው ነውና። ብረት ዚንክ የሚቀባበት ፋብሪካ ዚንክ፣ የጨርቃ ጨርቅ ማቅለሚያ መዳብ ሊያመጣ ይችላል። ኮምቦልቻ እነዚህ ሥራዎች ጎን ለጎን ያሉባት ከተማ ናት፤ ለዮሌና ወርቃ የተባሉት ወንዞችም በከተማይቱ አልፈው ወደ ቦርከና ወንዝ ይገባሉ። ስለዚህ ቃሉና ጨፋ አካባቢ መስኖ የሚጠቀም ሰው ዝቃጩን ብቻ ሳይሆን ውኃውንም አብሮ ማሰብ አለበት። በዝቃጭም በመስኖም ብረት የሚገባበት ማሳ ሁለት እጥፍ ይከፍላል። ከኩታበርና ከደሴ መኖሪያ ሰፈሮች ብቻ የሚመጣ ጭነት፣ ሌላው ሁሉ እኩል ከሆነ፣ የተሻለ መነሻ አለው። ሻጩ ከየት እንደጫነ በጽሑፍ ካልሰጠ ግዢው እዚያ ላይ ይቁም።

አሁን ወደ ዋጋው። ሃምሳ ኪሎ የሚል ጆንያ ሃምሳ ኪሎ ደረቅ ነገር የለውም። አንድ ኪሎ ናሙና መዝኑ፣ ክብደቱ መቀነስ እስኪያቆም አድርቁት፣ እንደገና መዝኑ። 600 ግራም ከቀረ እርጥበቱ 40 በመቶ ነው፤ ጆንያው ውስጥ ያለው ደረቅ ዝቃጭም 30 ኪሎ ብቻ ነው። ናይትሮጅኑ ከደረቁ ክብደት 2.5 በመቶ ቢሆን በጆንያው 750 ግራም ይገኛል። ከዚህ ውስጥ በመጀመሪያው ዓመት ለሰብሉ የሚለቀቀው ሲሶ ገደማ ነው፤ 30 በመቶ ብንል 225 ግራም ይሆናል። ዩሪያ 46 በመቶ ናይትሮጅን ስለሆነ አንድ ጆንያ ዝቃጭ በመጀመሪያው ዓመት የሚተካው ግማሽ ኪሎ ያህል ዩሪያ ነው። ይህን ስሌት ያልሠራ ገዢ ለእርጥበትና ለአሸዋ ገንዘብ ይከፍላል። የዝቃጩ ጥቅም ናይትሮጅኑ ላይ ሳይሆን ፎስፈረሱና አፈሩን የሚያለሰልሰው ብስባሽ ላይ ነው። ለማሳው ዋነኛ እጦቱ ናይትሮጅን ከሆነ ዩሪያ መግዛት ይረክሳል።

የምርመራ ወረቀት ቀርቦ ከሆነ ደግሞ አንባቢው የሚሳሳትበት ቦታ አለ። ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው መመዘኛ እ.ኤ.አ. በ1986 የወጣው የአውሮፓ መመሪያ ነው። በደረቅ ዝቃጭ ውስጥ በኪሎ ከ20 እስከ 40 ሚሊግራም ካድሚየም፣ ከ750 እስከ 1,200 እርሳስ፣ ከ300 እስከ 400 ኒኬል፣ ከ1,000 እስከ 1,750 መዳብ፣ ከ2,500 እስከ 4,000 ዚንክ ጣሪያ አድርጎ አስቀምጧል። ብዙ የአውሮፓ አገሮች በየራሳቸው ሕግ ከዚህ በጣም ዝቅ ያለ ቁጥር ይጠቀማሉ፤ ምክንያቱም ስሌቱ ሲሠራ ግልጽ ነው። አንድ ሄክታር ማሳ እስከ 20 ሴንቲሜትር ጥልቀት ወደ 2,400 ቶን አፈር ይይዛል። በኪሎ 3 ሚሊግራም ካድሚየም ያለው ዝቃጭ በሄክታር 10 ቶን ደረቅ ቢበተን የሚገባው ካድሚየም 30 ግራም ነው። የአፈሩን ካድሚየም በኪሎ በ1 ሚሊግራም ለማሳደግ 80 ጊዜ መበተን ይፈልጋል። በኪሎ 30 ሚሊግራም ያለው ዝቃጭ ግን፣ ወረቀቱ ላይ ከጣሪያው በታች ሆኖ ሳለ፣ በአንድ ጊዜ 300 ግራም ያስገባል፤ ስምንት ጊዜ ሲበተን እዚያው ላይ ይደርሳል። ያው መመሪያ ለመሬቱ የሚፈቅደው የአሥር ዓመት አማካይ በሄክታር በዓመት 0.15 ኪሎ ካድሚየም ነው፤ በዓመት 300 ግራም የዚህ እጥፍ ነው። ስለዚህ «ከጣሪያው በታች» የሚል ማኅተም አያረካን። በእኛ ሚዛን ካድሚየሙ በኪሎ ከ3 ሚሊግራም በታች የሆነና ከዚንኩ መቶኛ እጅ ያልበለጠ ዝቃጭ ነው ተገቢው። ዚንኩ ከካድሚየሙ እጅግ ሲበዛ ሰብሉ ለሰው አደገኛ የሆነ ካድሚየም ከመሰብሰቡ በፊት በዚንክ ይቃጠላል፤ ቅጠሉ ቢጫ ሆኖ ያስጠነቅቃል።

ካድሚየምን ከሌሎቹ ለይተን የምንፈራው ለዚህ ነው። ዚንክ፣ መዳብና ኒኬል ሲበዙ ቀድሞ የሚጎዳው ተክሉ ነው። እርሳስና «ክሮሚየም ሦስት» የሚባለው የቆዳ ፋብሪካው ዓይነት ክሮሚየም አፈሩ ላይ ስለሚጣበቁ በሥር በኩል እምብዛም አይወጡም። ካድሚየም ግን ተክሉ ምንም ሳይታመም፣ ቅጠሉ እንደ ለመለመ፣ ሰው ለመጉዳት የሚበቃ መጠን ሊይዝ ይችላል፤ ሰው ኩላሊት ውስጥ ከገባ በኋላም ለአሥርት ዓመታት ይቆያል። አምራቹ ዓይቶ ሊያውቀው አይችልም፣ ሸማቹም ቀምሶ ሊለየው አይችልም።

አሁን ዋናው ነገር ላይ ደረስን፤ ተመሳሳይ ጆንያ በሁለት ማሳ ላይ ሁለት ዓይነት ውጤት ይሰጣል። ወሳኙ የአፈሩ ፒኤች ነው፤ ይኸውም የአሲዳማነቱ መለኪያ፣ 7 ገለልተኛ ሆኖ ቁጥሩ ሲወርድ አሲዳማነቱ የሚጨምር። ፒኤች ከ6.5 በላይ ሲሆን ካድሚየም፣ ዚንክና ኒኬል ሸክላው፣ የብረት ኦክሳይዱ (አፈር ውስጥ ያለው ዝገት መሰል ነገር) እና ብስባሹ ላይ ይጣበቃሉ። ወደ 5.5 ሲወርድ ሃይድሮጅኑ ቦታቸውን ስለሚወስድ ወደ አፈሩ ውኃ ይለቀቃሉ፣ ሥሩም ያገኛቸዋል። ጃማና ወረኢሉ ላይ ያለው ዓይነት ዋልካ አፈር ሸክላው ብዙ፣ ፒኤቹም ወደ ገለልተኛው የተጠጋ ስለሆነ ብረት በመያዝ በኩል ጠንካራ ነው። ደጋው ላይ በዝናብ የታጠበ ቀይ ተዳፋት ግን አሲዳማ ሊሆን ይችላል፤ እዚያ ላይ ያው ዝቃጭ ብዙ እጥፍ ካድሚየም ለሰብል ይለቃል። ዋልካም ቢሆን ሁለት ድክመት አለው። በበጋ ሲሰነጠቅ ላዩ ላይ የተበተነው ዝቃጭ ወደ ስንጥቁ ይወርዳል። ክረምት ውኃ ሲተኛበት የታሰረው ካድሚየም ውኃው ተቋርጦ አየር ሲገባ እንደገና ሊለቀቅ ይችላል። ስለዚህ ዋልካ ላይ ዝቃጭ በበጋው መጨረሻ ላዩ ላይ ተበትኖ መተው የለበትም፤ ስንጥቁ በበልግ ዝናብ ሲገጥም፣ አፈሩም ለእርሻ ሲበቃ ወዲያው በማረሻ ይቀበር።

ፒኤች ደግሞ ቆሞ አይጠብቅም። ዩሪያ ወደ ናይትሬት ሲለወጥ አፈሩን አሲዳማ ያደርገዋል፤ ዝቃጩም ናይትሮጅኑ ሲፈርስ ያንኑ ያደርጋል። ዝቃጭ ከተበተነ በኋላ ለዓመታት ዩሪያ ብቻ የሚጨመርበት ቀይ አፈር፣ ምንም አዲስ ዝቃጭ ባይገባበትም፣ የሚለቀው ካድሚየም ሊጨምር ይችላል። ሌላው የብስባሹ ነገር ነው። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ብስባሹ ራሱ ብረቱን ይዞ ያቆየዋል፤ ሲፈርስ ግን ብስባሹ ይጠፋል፣ ብረቱ ይቀራል። ከዚያ በኋላ የሚይዘው የአፈሩ ሸክላና የብረት ኦክሳይድ ነው፤ ስለዚህ አሸዋማ የወንዝ ዳር ማሳ ከዋልካ በጣም ያነሰ ዋስትና አለው። ጨዋማ የመስኖ ውኃም መታየት አለበት። ክሎራይድ ከካድሚየም ጋር ተጣምሮ በውኃ ውስጥ እንዲቆይ ያደርገዋል፣ ፒኤቹ ጥሩ ቢሆን እንኳ።

«ጊዜ ሲያልፍ በሰብል ተወስዶ ያልቃል» የሚለው ወሬ በስሌት አይቆምም። በሄክታር 200 ኩንታል ቅጠል ተሰብስቦ፣ ቅጠሉ ኮዴክስ (ዓለም አቀፉ የምግብ ደረጃ አውጪ) በቅጠላ ቅጠል ላይ ያስቀመጠው ጣሪያ ላይ ቢደርስ፣ ማለትም በኪሎ 0.2 ሚሊግራም ካድሚየም ቢይዝ፣ ከማሳው የሚወጣው 4 ግራም ነው። ያም ሰው በልቶት ነው። እንግሊዝ ዎበርን ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ1942 እስከ 1961 ዝቃጭ በተበተነበት የሙከራ ማሳ ላይ ብረቱ ከአሥርት ዓመታት በኋላም እዚያው ነበር። የማገጥ ዘመድ የሆነው ነጭ ክሎቨር ሥር ላይ ናይትሮጅን የሚያዘጋጁት ባክቴሪያዎችም ሥራቸውን አቁመው ተገኝተዋል። ይህ ለወሎ ገበሬ ትልቅ ነገር ነው። የባቄላ፣ የአተርና የምስር ሥር እባጮችን የሚሠሩትም ከዚያው የባክቴሪያ ወገን ናቸው፤ ባቄላውን ተከትሎ ገብስ የሚዘራውም በእነርሱ ሥራ ተማምኖ ነው። ዝቃጭ ለዓመታት የተበተነበት ማሳ ላይ ባቄላ ያለ በቂ ምክንያት ቢጫ ከሆነ ሥሩን ነቅላችሁ እባጩን ቁረጡ። ውስጡ ሮዝ ካልሆነ፣ አረንጓዴ ወይም ነጭ ከሆነ፣ ባክቴሪያው እየሠራ አይደለም።

በሰብል ምርጫ ላይ ሚዛኑ እንዲህ ነው። ሰላጣ፣ ቆስጣና ስፒናች ካድሚየም በመሰብሰብ ቀዳሚ ናቸው። ሐበሻ ጎመንንም ከጥንቃቄ ወገን እናስቀምጠዋለን፤ ጥቅል ጎመን ይሻላል። ካሮት መካከል ላይ ነው፤ ድንች ከካሮት ያነሰ ይይዛል፣ የሚይዘውም በላጩ ላይ ይበዛል። በቆሎ፣ ማሽላና ገብስ ፍሬያቸው ላይ የሚያደርሱት ጥቂት ነው፤ አብዛኛው ሥርና አገዳ ላይ ይቀራል። አገዳው ለከብት መኖ ከሆነ ግን ይህም ይታሰብ። ከስንዴ ወገን የማካሮኒ ስንዴ ከዳቦ ስንዴ የበለጠ ካድሚየም ወደ ፍሬው ይወስዳል። ብዙዎች የማይጠረጥሩት ተልባን ነው፤ ተልባና የፈረንጅ ሱፍ የቅባት እህል ሆነው ሳለ ካድሚየም ዘራቸው ውስጥ ከሚያከማቹት ወገን ናቸው። ዝቃጭ በገባበት ማሳ ላይ ተልባ አይዘራ።

እርሳስ የሚመጣው በሌላ መንገድ ነው፤ በሥር ሳይሆን በጭቃ ፍንጣቂና በአቧራ ቅጠሉ ላይ ይለጠፋል። ስለዚህ በደንብ ማጠብ እርሳሱን ይቀንሳል። ካድሚየሙ ግን ቅጠሉ ውስጥ ስለሆነ ስንት ውኃ ቢፈስበት አይወጣም። ገበያ ላይ «አጥቤዋለሁ» ማለት ግማሽ መልስ ነው።

ስለ ወስፋት እንቁላል ባጭሩ፦ የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2006 ያወጣው መመሪያ በአንድ ግራም ደረቅ ዝቃጭ ከአንድ እንቁላል በታች ይጠይቃል። ያለ ሌላ ሕክምና በማቆየት ብቻ ከሆነ ሙቀቱ ከ20 እስከ 35 ዲግሪ በሆነ ቦታ ከአንድ ዓመት በላይ፣ ከ20 ዲግሪ በታች በሆነ ቦታ ከአንድ ዓመት ተኩል እስከ ሁለት ዓመት ይፈልጋል። እንደ ደሴ ያለ ብርድ አገር ሁለተኛው ነው የሚሠራው። በክምር ማብላላት ይፈጥናል፤ ውስጡ 55 ዲግሪና ከዚያ በላይ ሆኖ 15 ቀን መቆየት፣ በዚያ ውስጥም አምስት ጊዜ መገልበጥ አለበት። ማብላላት ጀርም ይገድላል እንጂ ብረት አይቀንስም፤ እንዲያውም ብስባሹ እየተቃጠለ ሲያንስ በኪሎ የሚቆጠረው ብረት ከፍ ይላል። አገዳና ጭድ መቀላቀሉ ነው የሚያቀጥነው።

ናሙና አወሳሰድ ላይ ስሕተት ከተሠራ ቀሪው ሁሉ ከንቱ ነው። ከጭነቱ ቢያንስ ከአሥር ጆንያ፣ ከላይም ከመሐልም ከሥርም፣ በፕላስቲክ ማንኪያ ውሰዱ። ንጹሕ ፕላስቲክ ላይ ቀላቅሉት፣ አራት ቦታ ከፍላችሁ ሁለቱን ተቃራኒ ክፍል ጣሉ፣ አንድ ኪሎ እስኪቀር ድረስ ይህንኑ ድገሙት። የማሳውን አፈር ደግሞ በዚግዛግ ከ15 እስከ 20 ቦታ፣ እስከ 20 ሴንቲሜትር ጥልቀት። የዚንክ ባልዲና ቆርቆሮ አትጠቀሙ፤ ምርመራው የባልዲውን ዚንክ ነው የሚያነበው። ከላቦራቶሪው ሁለት ነገር ይጠየቅ፦ ለዝቃጩ በአኳ ሬጂያ (በብርቱ የአሲድ ድብልቅ) የተፈታ ጠቅላላ መጠን በደረቅ ክብደት፣ ለአፈሩ ደግሞ ሥር ሊወስደው የሚችለው ክፍል። ለዋልካና ለገለልተኛ አፈር ዲቲፒኤ የተባለው ብረት አውጪ ኬሚካል ይስማማል፤ 10 ግራም አፈር በ20 ሚሊሊትር ፈሳሽ፣ ሁለት ሰዓት ተንጦ ይጣራል። ለአሲዳማ ቀይ አፈር 0.01 ሞላር ካልሲየም ክሎራይድ የካድሚየሙን ባሕርይ በተሻለ ያሳያል። ወረቀቱ ላይ «ካድሚየም አልተገኘም» ከተባለ ማሽኑ ሊያይ የሚችለው ዝቅተኛ መጠን ስንት እንደሆነ ጠይቁ። የነበልባል አቶሚክ አብዞርፕሽን የሚባለው ማሽን ጥቂት ካድሚየም አያይም፤ ግራፋይት ፈርነስ ወይም አይሲፒ የሚባሉት ይበልጥ ስስ የሆኑ ማሽኖች ያስፈልጋሉ። ያለዚያ «አልተገኘም» ማለት «አልታየም» ነው።

ግዢው ከተወሰነ መጠኑ በሄክታር ከ10 ቶን ደረቅ አይለፍ፤ ለአንድ ጥማድ ሩብ ሄክታር ብለን 2.5 ቶን ደረቅ ነው። 40 በመቶ እርጥበት ባለው ዕቃ ይህ 83 ጆንያ ያህል ይሆናል። በየዓመቱ ሳይሆን በሦስት ወይም በአራት ዓመት አንዴ ይበቃል፣ ፎስፈረሱ ስለሚጠራቀም። የአፈሩ ፒኤች ከ6 በታች ከሆነ መጀመሪያ ኖራ፣ ያውም የተፈጨው የእርሻ ኖራ፣ ዝቃጩ ከመግባቱ ወራት ቀድሞ ይበተንና ይታረስ። ከጉድጓድ ውኃና ከወንዝ ዳር ራቅ ይበል። አፈር የሚነካና በጥሬው የሚበላ አትክልት ከሆነ የአውሮፓው መመሪያ በመበተንና በመሰብሰብ መካከል አሥር ወር ይጠይቃል፤ እኛ ግን ያን ማሳ ለእህል መተውን እንመርጣለን። ቀኑ፣ የጆንያው ብዛት፣ እርጥበቱና የብረቱ ቁጥር በደብተር ይጻፍ፤ መሬቱ ሲከራይ ወይም ለልጅ ሲተላለፍ ደብተሩ አብሮ ይሂድ።

ምርመራ የሌለው ዝቃጭ ቀድሞ ለገባበት ማሳ ደግሞ አፈሩን መቁረጥም ሆነ መተው አያስፈልግም። ፒኤቹን አስለኩ፤ ከ6.5 በታች ከሆነ በኖራ ከፍ አድርጉና ያዙት። ቆስጣና ሰላጣውን ወደ ሌላ መደብ አዙሩ፣ በቦታው በቆሎ ወይም ማሽላ ይግባ። ከዩሪያ ይልቅ የተብላላ የከብት ፍግ ጨምሩ። ከአንድ መኸር በኋላ ቅጠል ያለው ሰብል ጥቂት መደብ ላይ ዘርታችሁ ቅጠሉን አስመርምሩ፤ በኪሎ እርጥብ ክብደት 0.2 ሚሊግራም ካድሚየምና 0.3 ሚሊግራም እርሳስ ካላለፈ መደቡ ወደ አትክልት ሊመለስ ይችላል።